የጋራ መጋዝ፣ የግል ጣት

ግቢው ውስጥ የብየዳ ማሽን ያለው ሰው ወዳጅ አያጣም። መኪና ያለው ሰው ወዳጅ ሲበዛበት አይቻለሁ፤ ውጭ አገር ወንድም ያለውም እንዲሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከአጥሩ ውስጥ የግራይንደር ጩኸት የሚሰማበት ሰው ግን ሁለቱንም ያስከነዳል። ወዳጆቹ የሚመጡት ሰላም ሊሉት ብቻ ነው። ሰላምታው ግማሽ ሳይደርስ ከጀርባቸው አንድ ነገር ብቅ ይላል፦ እግሩ የሚነቃነቅ ወንበር፣ ማጠፊያው የተገነጠለ መዝጊያ፣ ሹካው የተሰበረ የልጅ ብስክሌት። "ሁለት ደቂቃ ናት" ይላሉ። ሁለት ደቂቃ ብቻ የፈጀ የብረት ሥራ እስካሁን አላየሁም። በሁለት ደቂቃ የሚያልቀው ጣት መቁረጥ ነው፤ እሱም ቢሆን ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ወርክሾፕ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቤቱ ሲሠራ ለሠራተኛ ማደሪያ የታሰበች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ናት። አልጋ ሊዘረጋበት በታሰበው ቦታ ላይ አንድ አሮጌ የበር መዝጊያ በአራት የብረት እግር ቆሞ ጠረጴዛ ሆኗል። ጫፉ ላይ ከምናለሽ ተራ የተገዛ ሞርሳ በቡሎን ታስሯል፤ የፋብሪካው ስም በዝገት ቢጠፋም መንጋጋው ዛሬም የነከሰውን አይለቅም። ግድግዳው ላይ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ በየመጠኑ፣ መላጊያ። ከሥር ትራፓኖ፣ ትልቅና ትንሽ ግራይንደር፣ የብየዳ ማሽን። መሃል ላይ ደግሞ አንድ አናጢ ሥራ ሲቀይር የሸጠልኝ ባለ ጠረጴዛ ክብ መጋዝ። ባለቤቴ ይህችን ክፍል "ጣውንቴ" ትላታለች። ቅናት ግን አላየሁባትም፤ ጣውንቷ ለቤቱ ሦስት መደርደሪያና አንድ የጫማ ሣጥን ወልዳለታለች።

ከደንበኞቼ ሁሉ የማይቀሩት ሦስት ናቸው። አንደኛው ባንክ ቤት የሚሠራው አብሮ አደጌ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ክራቫት ስላነቀው ቅዳሜ እንጨት ካልቆረጠ አይተነፍስም። ሁለተኛው የሰፈራችን መምህር ነው፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስለ ሥራው ለግማሽ ሰዓት ያስረዳል። ሦስተኛው "ኢንጂነሩ" ነው። ኢንጂነሪንግ አልተማረም፤ ሲሚንቶ ሲነግድ ነው ስሙ የወጣለት። ከሦስቱም የሚያሰጋኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ስሙን አምኖ ተቀብሎታል።

ባንከሩ የሚመጣው ተዘጋጅቶ ነው። ጓንት ያደርጋል፤ ያውም የሱፍ ጓንት። ሰው ጓንት ሲያደርግ ጥንቃቄ ያደረገ ይመስለዋል። ለሚበየድ ብረት ልክ ነው፤ የቆዳ ጓንት ያስፈልጋል። በሚሽከረከር ትራፓኖ አጠገብ ግን ጓንት ጠላት ነው። ባዶ ጣት መሰርሰሪያውን ቢነካ ይቧጠጣል፤ የሱፍ ጓንት ከነካው ግን ክሩ ይጠመጠምና ጣቱን ተከትሎ እጁን፣ እጁን ተከትሎ ባለቤቱን ይስባል። የረዘመ እጅጌም፣ ክራቫትም፣ ነጠላም እንዲሁ ነው። መምህሩ በበኩሉ መጋዙ ፊት ሲቆም ትክክል ከምላጩ ኋላ ነው የሚቆመው። እንጨት ከመሪው ትንሽ ዘወር ካለ የመጋዙ የኋላ ጥርስ ከሥር ያነሣውና ወደ ገፋው ሰው መልሶ ይወረውረዋል። ይህን ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ። "ገባኝ፣ የኒውተን ሕግ ነው" ይልና እዚያው ይቆማል። ኒውተንም ቢሆን ወደ ጎን ፈቀቅ ይል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኢንጂነሩ ግን ሌላ ዓለም ነው። አንድ ቅዳሜ ወደ ክፍሏ ስገባ የትንሿን ግራይንደር መከለያ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። በእጁ የትልቋን ዲስክ ይዟል።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"የትንሿ ዲስክ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ይቺን ባስርባት ሥራው ይፈጥናል።"

"መከለያውስ?"

"አላስገባ አለኛ!"

አላስገባ ያለው እኮ እንዳይገባ ነው። ነገሩን ለማያውቅ ላብራራው። ባለ 115 ሚሊሜትሯ ትንሽ ግራይንደር ያለ ሥራ ስትሽከረከር በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ትሄዳለች። ባለ 230ዋ ትልቅ ግራይንደር ዲስኳ ሰፊ ስለሆነ ዝግ ትላለች፤ 6,600 አካባቢ ናት። በትልቁ ዲስክ ላይ የታተመው የዙር ቁጥርም ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ከዞርኩ አልገኝም ማለቱ ነው። ትልቁን ዲስክ በትንሿ ግራይንደር ላይ ያሰረ ሰው እንግዲህ ከአቅሙ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሊያዞረው ነው። ዲስኩ ደግሞ ብረት አይደለም፤ በሙጫ የተጣበቀ የድንጋይ ዱቄት ነው። ሲበተን ቁራጩ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። የሚያቆመው መከለያው ነበር፤ መከለያው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከዚያም በላይ ዲስክ እንደ ወተት ጊዜው ያልፍበታል፤ መሃሉ ላይ ባለችው የብረት ቀለበት የማብቂያው ወርና ዓመት ተጽፏል። ኢንጂነሩ የያዘውን ዲስክ ቀለበት አነበብኩለት። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል።

"እሱ የፈረንጅ ምቀኝነት ነው" አለኝ። "አዲስ እንድትገዛ ነው።"

ግራይንደሯን ከስፒናው ነቀልኩና ዲስኩን ሞርሳ ውስጥ ከትቼ ሰበርኩት። ያን ቀን አኩርፎኝ ሄደ። ማኩረፉን ወደድኩለት፤ በሙሉ አካሉ ነው ያኮረፈው።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የጣት ጉዳይ ነበር። የሕግ ጉዳይ የሆነው ምንም ሳይነካ ዝም ብሎ በቆመ ሰው ምክንያት ነው። የባንከሩ የአክስት ልጅ አብሮት መጥቶ ነበር። እኔ የአጥር ብረት እበይዳለሁ፤ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። "አትይ፣ ዓይንህን ያዞርብሃል" አልኩት። "ኧረ ከሩቅ ነው" አለ። ብየዳ ሩቅና ቅርብ አያውቅም። ብልጭታው የሚያወጣው የማይታይ ጨረር የዓይንን የላይኛውን ስስ ሽፋን ያቃጥላል፤ ተንኮሉ ደግሞ ያኔውኑ አለማሳመሙ ነው። ሰውየው ስቆ ተጫውቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ቤቱ ይገባል። ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ አንድ ሰው አሸዋ ዓይኑ ውስጥ የደፋበት ይመስለዋል። ልጁም እንደዚያው ሆነ። ቤተሰቡ ድንች ቀርድዶ ዓይኑ ላይ እያስቀመጠለት አነጋ። ጠዋት ሐኪም ቤት ሄደ፤ ቅባትና ማስታገሻ ተሰጠው፤ በሁለተኛው ቀን ዳነ። እንዲህ ያለው ቃጠሎ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይሽራል።

የዳነው ልጅ ምንም አላለኝም። በዚያው ሰሞን ግን አጎቱ ግቢዬ መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ የልጆቼን ጤና ጠይቀው፣ የአበባዬን ማማር አድንቀው፣ ቡናውን ሁለተኛ ሲኒ ከደረሱ በኋላ፣ "ለመሆኑ ያ ማሽን የማን ነው?" አሉ።

"የእኔ ነው ጋሼ።"

"ይሁን" አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። እንዲህ ያለ "ይሁን" ከክስ መጥሪያ ይከብዳል።

ስንገናኝ ሁሌ የምንባባለው ነገር አለ፤ እኛ ጓደኛ አንካሰስም እንላለን። እውነት ነው፣ ጓደኛህ አይከስህም። ጓደኛህ ግን ብቻውን አይኖርም። ሚስት አለችው፣ እናት አለችው፣ ባርኔጣ የሚያወልቅ አጎት አለው። ዛሬ "አይዞህ፣ ምንም አይደል" የሚልህ ሰው ሆስፒታል ሲተኛ የሚናገሩለት ሌሎች ናቸው። እነሱ ደግሞ በልጅነታችሁ አንድ ዳቦ ለሁለት መካፈላችሁን አያውቁም። የሚያውቁት ማሽኑ የአንተ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ወደ ጠበቃው ወዳጄ ሄድኩ። ጠበቃ ወዳጅ ጥሩ ነው፤ ማኪያቶ ከጋበዝከው ሙሉ ምክር ይሰጥሃል፤ ካልጋበዝከው ደግሞ እሱው ጋብዞህ ያስፈራራሃል። የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ጀመረልኝ። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው፣ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ ዛሬም የሚሠራበት ሕግ። ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚናገረው ክፍል ከቁጥር 2027 ይጀምራል። ሰው በጥፋቱ ሌላውን ከጎዳ ይካስ ይላል፤ እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቆየት ብሎ ግን ያላጠፋም የሚጠየቅበትን ይዘረዝራል። በ2071 የእንስሳ ባለቤት፣ በ2077 የሕንፃ ባለቤት፣ በ2081 የማሽንና የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት።

"አንተ ውሻ አለህ አይደል?" አለኝ።

"አለኝ።"

"ቤቱም የራስህ ነው።"

"የራሴ ነው።"

"ማሽኑም የአንተ። እንግዲህ ሦስቱንም አሟልተሃል" አለና ማኪያቶውን አማሰለ።

2081ን በቀስታ አስነበበኝ። የማሽን ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ማሽኑን ያንቀሳቀሰው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ። ከዚህ የሚያመልጠው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ማሽኑ ተሰርቆበት እንደነበረ ካስረዳ ነው። ይቺን መስመር ደግሜ አነበብኳት። ሌባ ግራይንደሬን ወስዶ ጣቱን ቢቆርጥ እኔ ነፃ ነኝ፤ ጓደኛዬ "ሰላም ለማለት" መጥቶ ቢቆርጥ ግን ተጠያቂ ነኝ። እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የማስተናግዳቸውን ሰዎች ሌላ ስም ሰጥቼ ባስገባቸው ይሻለኝ ይሆን?

"አትቸኩል" አለኝ ጠበቃው። "ተጎጂው ራሱ ካጠፋ ኃላፊነትህ ይቀንሳል፣ ወይም ጨርሶ ይቀራል። ደግሞ የእጅ ግራይንደር ሕጉ ካሰበው ማሽን ይቆጠራል ወይ የሚለውም ያከራክራል። ምንም ጥቅም ሳታገኝ፣ በነፃ ያስተናገድከው ሰው ከሆነም የምትከራከርበት መንገድ አለህ።"

"በነፃ ነው እንጂ!"

"የመብራት አያዋጡም?"

ዝም አልኩ። ባንከሩ የቆጣሪውን ካርድ አንዴ ሞልቶልኛል። መምህሩ ሲመጣ ቢራ ይዞ ይመጣል። ኢንጂነሩ ከገጠር ማር አምጥቶልኛል፤ ጥሩ ማር ነበር።

"እንግዲህ ማሩ ስጦታ ነው ወይስ ኪራይ፣ ዳኛ ይየው" አለ።

በዚያች ሰዓት የበላሁት ማር በጉሮሮዬ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ወርክሾፑ ውስጥ ሊሠራ ሲመጣ ይዞ የመጣውን ነገር በር ላይ አስመልሰዋለሁ። ሥራውን ሲጨርስ ዞሮ መጥቶ ለልጆች ነው ብሎ ቢሰጥ ሌላ ነገር ነው። ልጆቼ ቢራ አይጠጡም፤ እሱን ራሴ አየዋለሁ።

ጠበቃው ካሳውንም አሰላልኝ። የሕክምና ወጪ፣ የቀረ ገቢ፣ ወደፊት የሚቀር ገቢ። የባንክ ሠራተኛ ጣት ቀልድ አይደለም፤ ገንዘብ የሚቆጠርበት ነው። ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለውን ግን ሕጉ ወስኖታል፤ በቁጥር 2116 ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም። በ1952 ሺህ ብር የያዘ ሰው ቀና ብሎ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ሺህ ብር ይዤ ልካንዳ ቤት ብገባ ሥጋ ቆራጩ ቢላዋውን ከመሳሉ በፊት ዓይን ዓይኔን ነው የሚያየኝ። የአገሬ ሰው ኀዘን በዚህ ዋጋ መቆየቱ ያናድደኛል፤ እንደ ማሽን ባለቤት ግን፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ትንሽ አረጋግቶኛል። ክስ ለማቅረብ ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ጊዜ አለ። ይኸውላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ የጓደኞቼን እጅ ስጨብጥ ጣታቸውን እየቆጠርኩ ነው።

ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል ብዬ አይደለም። የእኛ ነገር ሽማግሌ ጋ ነው የሚያልቀው፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ዳኛ ፊት "አስጠንቅቄው ነበር" ካልክና ምስክር ካለህ ይጻፍልሃል። ሽማግሌ ፊት እንዲህ ብትል፣ "እሱስ ልክ ነህ ልጄ፣ ግን ትልቅ ሰው ሆነህ ሳለ..." ተብሎ ይጀመራል። ከ"ግን" በኋላ ያለው ሁሉ ወጪ ነው። ሽማግሌ ጥፋትን እኩል ማካፈል ይወዳል፤ እርቅ እንዲጸና። አንተም ትንሽ አጥፍተሃል፣ እሱም ትንሽ አጥፍቷል፣ ማሽኑም ትንሽ አጥፍቷል። ማሽኑ ስለማይከፍል የእሱ ድርሻ ወደ አንተ ይዞራል። ቁጥር 2086ን ጠቅሰህ የተጎጂው ጥፋት ኃላፊነትን ይቀንሳል ብትላቸው፣ "እስቲ መጽሐፉን አስቀምጥና ተነሥተህ ጉልበቱን ሳም" ይሉሃል። ትስማለህ። ካሳውንም ትከፍላለህ። ግን አብራችሁ ታመሻላችሁ፤ ይህን ደግሞ ፍርድ ቤት አይሰጥም።

ኢንሹራንስም ሞክሬያለሁ። መኪና ያለው ሰው ሦስተኛ ወገን የሚባለውን የግድ ይገባል፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 799 ያስገድደዋል። መንገድ ላይ ለምትገጨው ለማታውቀው ሰው መንግሥት ይህን ያህል ተጨንቋል። ግቢህ ድረስ መጥቶ ለሚጎዳው ለምታውቀው ሰው ግን የሚያስገድድህ የለም፤ ደግ ሆነህ ካልተገኘህ በቀር። ስሙን የማልጠራው ቢሮ ገብቼ አስረዳኋት፤ ልጅቷ በትዕግሥት ሰማችኝና፣ "ድርጅት ነው መኖሪያ?" አለች።

"መኖሪያ ነው።"

"በያጁ ማነው?"

"እኔ ነኝ፤ አንዳንዴ ጓደኞቼ።"

"ሠራተኞችዎ ናቸው?"

"አይደሉም።"

"ደንበኞችዎ?"

"አይደሉም፣ ሰላም ሊሉ ነው የሚመጡት።"

ብዕሯን አስቀመጠች። ለሠራተኛ መድን አላቸው፣ ለደንበኛ መድን አላቸው፣ ለእሳትም ለሌባም አላቸው። ሰላም ሊል ለመጣ ሰው የሚሞላ ሣጥን ቅጹ ላይ አልነበረም። ኃላፊዋን ጠይቃ እንደምትደውልልኝ ነገረችኝ። ስልኬ ክፍት ነው።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ስነግራት ሳቀች። "ለዚህ ነው እንዴ የምትዞረው?" አለች። "የእድሩን ብርጭቆ አላየህም?" እሷ የእድራቸው ንብረት ያዥ ናት። የእድር ዕቃ እንዴት እንደሚወጣ ያየ ያውቃል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ብርጭቆው በቁጥር ይወጣል፣ በመዝገብ ይፈረማል፣ በቁጥር ይገባል። የተሰበረ ካለ ያወጣው ሰው ይተካል። እናቱ የሞተችበትን ሰው እንኳ ዕቃውን ሲመልስ ብርጭቆውን አስቆጥረውታል፤ እንባውን እየጠረገ ይቆጥራል፤ ማንም አይቀየምም። እንግዲህ ለብርጭቆ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለጣት ስንሆን ነው የምንተፋፈረው። እድሩም ቢሆን የሚደርሰው ባለቤቱ ሲሞት ነው፤ ጣቱ ብቻዋን ስትሞት አይደርስም።

በባለቤቴ ምክር አንድ ገጽ ጻፍኩ። የገባ ሰው መነጽር ያደርጋል፤ መከለያ አይፈታም፤ በትራፓኖና በመጋዝ ላይ ጓንት አይደረግም፤ ሲበየድ ጭምብል የሌለው ሰው ክፍሉ ውስጥም በሩ ላይም አይቆምም፤ ቢራ ከሥራ በኋላ ነው፤ ባለቤቱ ከሌለ አይሠራም። ከሥር፦ "አንብቤ ተረድቻለሁ፣ በራሴ ፈቃድ ነው የምሠራው።" ፊርማ። ጠበቃው ወዳጄ በስልክ፣ "ራስህ ላጠፋኸው ጥፋት ወረቀት አያድንህም፣ የመጋዙን ገመድ ሳትጠግን ፈርሙልኝ ብትል ዋጋ የለውም" ብሎ አስጠንቅቆኛል። ቢያንስ መንገሬን ያሳያል። እኔ ግን ከፊርማው ይልቅ የወደድኩት ቆሞ የሚያነብባትን ደቂቃ ነው፤ ያችን ደቂቃ ያህል እጁ ሥራ ፈቷል።

ባንከሩ ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። "ፈርም? እኔን?"

"ሁሉም ነው የሚፈርመው።"

"አብረን አድገን? የእናትህን ጠላ እየጠጣሁ አድጌ፣ ዛሬ ፈርም ትለኛለህ?"

ይህን የሚለኝ ለሦስት ወር ብድር ሰውን ሰባት ቦታ የሚያስፈርም፣ ዋስ የሚያስጠራ፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት የሚያስመጣ ሰው ነው። ይህንኑ አስታወስኩት። "እሱ ሥራ ነው" አለኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ጣውላው ሳይቆረጥ ሊመሽ ሲል፣ እንደ ቼክ ፈርሞ ቀኑን ጻፈበት፤ ቅጂ እንድሰጠውም ጠየቀኝ። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት የፊደል ስሕተት አርሞ፣ "ተረድቻለሁ" የሚለው ቃል ሲበዛ መተማመን እንዳለበት አስረድቶ ፈረመ። ኢንጂነሩ ሳያነብ ፈረመ። ለካስ ያለመፈረምን ያህል የሚያስደነግጥ መፈረም አለ። ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ "መከለያ አይፈታም" የሚለው ላይ ስደርስ፣ "ይቺን ለኔ ብለህ ነው የጻፍካት" አለ። አዎ፣ ለእሱ ነው።

ቁልፉ አሁን ባለቤቴ ዘንድ ነው። ወርክሾፑ በእድር ደንብ ገብቷል፤ መዝገብ አለው። ሰውየው ይመጣል፣ እሷ ቁልፉን ይዛ ትወጣለች፣ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ካላየች በሩን አትከፍትም። እኔ ስጮህ የሚስቁት ሁሉ እሷ ዝም ብላ ስታያቸው ጓንታቸውን ያወልቃሉ። ጎረቤታችን እትዬ የመጥበሻቸውን እጀታ ሊያስበይዱ መጥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ትራፓኖው ሲጠጉ፣ "እትዬ፣ ወይ ነጠላውን ወይ በሩን" ብላ መለሰቻቸው። ነጠላውን መረጡ፤ መጥበሻቸውን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። የእንግዳ ቁጥር ቀንሷል፤ ግማሹ ከሰፈሩ በያጅ ዘንድ መሄድ ጀምሯል። በያጁ አመስግኖኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ጠበቃው ወዳጄ ራሱ መጣ። ሰላም ሊል። ከመኪናው ኋላ አራት ጣውላና አንድ ኮምፔንሳቶ ተጭኗል፤ ለቢሮው የመጽሐፍ መደርደሪያ ሊሠራ ነው፤ የፍትሐ ብሔሩ ማብራሪያዎች መሬት ላይ ተከምረውበታል። ባለቤቴ ወረቀቱን አቀረበችለት። መነጽሩን አውጥቶ፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ እስከ ታች አነበበ። ሁለት መስመር ሰረዘ። "በራሴ ፈቃድ" ከሚለው አጠገብ ምልክት አድርጎ በኅዳጉ ላይ "ይመልከቱ፣ ከጀርባ" ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን በሙሉ ሞላው። የመጋዙ ገመድ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ፣ መከለያው ቦታው ላይ መሆኑን በዓይኑ አይቶ ማረጋገጡን፣ ክፍሉ ውስጥ ስንት መብራት እንዳለ። ከዚያ በመጨረሻ፣ በጣም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ "መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ" ብሎ ፈረመ።

ባለቤቴ አነበበችው። ቁልፉን ኪሷ ከተተችና ጣውላውን እኔ እንድቆርጥለት አዘዘች።